ወደ ልብ መመለስ
ሰሞኑን አንዲት ወዳጄ ከሱባኤ ተመልሳ «በጸሎት ራሴን አገኘሁት» አለችኝ። «የት ጥለሽው ነበር?» ብዬ ብቀልድ፣ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ ገላመጠችኝ። አባባሉ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው፤ ራስ ለእኛ መጀመሪያ አናት ነዋ! «ተመስጦ» እንዳንለው፣ መሠጠ በግዕዝ ነጠቀ ማለት ነው፤ ሰውን ከራሱ ያወጣዋል እንጂ ወደ ራሱ አያመጣውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ እሪያ ሲጠብቅ ምን እንደሆነ አስታውሱ። ግሪኩ «ወደ ራሱ» መምጣቱን ሲናገር፣ የአማርኛው ተርጓሚ «ወደ ልቡ» መልሶታል። «ልብ ግዛ»፣ «ልብ በል» እየተባባለ ለሚኖር ሕዝብ እንዴት ያለ ምርጫ ነው! ደግሞ ልጁ ልቡ ሲመለስለት መጀመሪያ ያሰበው የአባቱን ቤት ነው። ወዳጄ ሆይ፣ በሚቀጥለው ሱባኤ «ወደ ልቤ ተመለስኩ» በይኝ፤ አልቀልድም።