ሰዓትን ስለ ማስማማት



ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፀሐይ አካሄድ ቢለካ የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አባቶቻችን የጥላቸውን ርዝመት በጫማ እየለኩ ሰዓት በሚያውቁበት ዘመን ይህን ያህሉ ልዩነት ማንንም አላስቸገረም።

ዓለም በባቡርና በቴሌግራፍ ከተገናኘ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ከተማ በየራሱ ፀሐይ መመራቱ ሥራን የሚያውክ ሆነ። ስለዚህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተሰበሰቡ መንግሥታት ግሪኒችን የሰዓት መነሻ አደረጉ። የሀገራችን ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በዚህም መሠረት ፀሐይ በደሴ አናት ላይ የምትውለው፣ ሰዓታችን 6 ሰዓት ካለ በኋላ በአማካይ 20 ደቂቃ ያህል ቆይታ ነው። እንግዲህ የምንሠራበት ሰዓት ከፀሐይ ይልቅ በስምምነት የቆመ መሆኑን ልብ ይሏል።

ዛሬ የመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚያዘው በኮምፒዩተር ነው። የኮምፒዩተር ሰዓት በቀን አንድ ሰከንድ ያህል ሊዛነፍ ስለሚችል፣ ካልታረመ በዓመት 6 ደቂቃ ይደርሳል። ከደሴ በ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ለተላከ ደብዳቤ፣ ሰዓቱ 5 ደቂቃ የዘገየ የኮምቦልቻ ኮምፒዩተር ከ2 ደቂቃ በኋላ መልስ ቢሰጥ፣ መልሱ በ4 ሰዓት ከ7 እንደ ተጻፈ ይመዘገባል። መልሱ ከጥያቄው ቀደመ ማለት ነው። በጨረታ ወይም በባንክ ሒሳብ ክርክር ቢነሣ እንዲህ ያለውን መዝገብ የትኛው ዳኛ ያምነዋል?

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነውን ሥርዓት ዴቪድ ሚልስ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1985 እ.ኤ.አ. ጽፈው አወጡ። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ኮምፒዩተሩ መልእክት ልኮ ሰዓት ይጠይቃል፤ መልእክቱ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በተነገረው ሰዓት ላይ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በእግሩ የተላከ መልእክተኛ ቁልቁለቱን ፈጥኖ ወርዶ ዳገቱን በዝግታ ይወጣል፤ የመሄጃውንና የመመለሻውን ጊዜ እኩል አድርጎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። በመገናኛ መስመርም እንዲሁ ያጋጥማል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ፈጥኖ የተመለሰውን መልስ ይመርጣል፤ በአንድ ምንጭ ሳይወሰንም የብዙዎችን ቃል ያመዛዝናል። ከሁሉ በላይ ያሉት የአቶም ሰዓቶች ሲሆኑ፣ መመሪያ ከሚኒስቴር እስከ ወረዳ እንደሚወርድ ሁሉ ሰዓቱም ከእነርሱ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መዝገብ የሚጠብቅ ሠራተኛ የማኅተሙን ያህል የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከየት እንደሚታረም ጠይቆ ይረዳ። የባለጉዳይ መብት አንዳንድ ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛልና።