የመንገዱ ቆራሌው

ጧት ጧት በሰፈራችን «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ስሰማ ብዕሬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። አሮጌ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፤ እኛ የናቅነውን ሁሉ እሱ በገንዘብ ይገዛዋል። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ አስፋልት መጻፉ አይግረማችሁ። የአስፋልትም ታሪክ ውስጥ ቆራሌው አለበት።

ሰውየው ኤድጋር ፐርኔል ሁሊ ይባላል፤ በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃምሻየር የመንገድ ኃላፊ ነበር። እንደሚተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ዴንቢ በተባለ ቦታ ከአንድ ብረት ማቅለጫ አጠገብ ሲያልፍ አቧራ የማይነሳበት፣ መንኮራኩር ያልቦረቦረው ቁራጭ መንገድ ያያል። ነገሩን ቢጠይቅ፣ ለካ የሬንጅ በርሜል ወድቆ ፈንድቶ ኖሯል፤ ሠራተኞቹም ጉዱን ለመሸፈን የምድጃ ዝቃጭ ደፍተውበታል። ሁሊ በ1902 የፈጠራ መብት አወጣበት። ልብ በሉ! ሬንጁ የከሰል ጋዝ ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ ዝቃጩ የብረት ፋብሪካ ጥራጊ። ሁለት ጥራጊዎች ተጋብተው «ታርማክ» ተወለደ።

መቶ ዓመት ቆይቶ በሕንድ አገር፣ በማዱራይ ከተማ፣ የኬሚስትሪ መምህሩ ራጃጎፓላን ቫሱዴቫን ዓይናቸውን በተጣለ ፌስታል ላይ አሳረፉ። ፕላስቲኩ ተከትፎ በጋለ ጠጠር ላይ ሲበተን ቀልጦ ይለብጠዋል፤ ከዚያ ሬንጅ ይጨመርበታል። እንዲህ ያለውን መንገድ ውሃ በቀላሉ አይሰረስረውም። በ2002 በሚያስተምሩበት ኮሌጅ ግቢ ሠርተው አሳዩ፤ በ2018 አገራቸው የፓድማ ሽሪ ሽልማት ሰጠቻቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። ግን የሁሊ ዘመን የከሰል ሬንጅ ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር እንዳለው ታወቀ፤ ብዙ የአውሮፓ አገሮችም ከመንገድ ሥራ አስወጡት። ዛሬ እዚያ አሮጌ መንገድ ሲቆፈርና ይኸው ሬንጅ ሲገኝበት፣ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ነው የሚያዘው። አያቶች ያተረፉበትን የልጅ ልጆች ይከፍሉበታል ማለት ነው። በፕላስቲኩም ላይ፣ መንገዱ ሲፋቅ ብናኙ የት ይሄዳል የሚል ጥያቄ ተነስቷል።

እኛ በ2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን የቀበረብን ሰዎች ነን። ጥራጊ ዝም ብሎ ሲከማች ምን እንደሚያደርስ ነጋሪ አያሻንም። ታዲያ ጥራጊን መንገድ ላይ ማንጠፍ ብቻውን ብልሃት አይሆንም፤ ምን እንዳነጠፍን ማወቅም አለብን።

እስቲ ቆራሌውን ልብ ብላችሁ እዩት። ጀሪካኑን ያንኳኳዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ወደ ብርሃን ያነሳዋል። ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።