ከምናለሽ ተራ እስከ ሙረባዕ፦ የአሮጌ ዕቃ ሙያ ታሪክ

እዚህ ሪያድ በየቤቱ የሚጣለውን ዕቃ ታዩታላችሁ፤ ስልክ፣ ቻርጀር፣ ማራገቢያ፣ ሬዲዮ። እኛ አገር ግን ዕቃ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። «ድህነት ስለሆነ ነው» የሚል ሰው አለ። እኔ ግን እሱ ብቻ አይመስለኝም። መፍታትና ማደስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ታሪክም አለው።

መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፣ ያውም ለሴት የቀረበ፦ «ምን አለሽ?» በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውም ሰው «ቆርቆሮ ያለው» ማለቱ ነው፤ ጥሪው እያጠረ ሄዶ ነው። የተለቀመው ብረትና ጣሳ ምናለሽ ተራ ሲደርስ በርሜሉ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ ደግሞ በረባሶ።

የኤሌክትሪክ ዕቃውም ታሪክ እንደዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ አቃቂ ላይ የተከፈተው በ1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935) ነው። የሳዑዲ ሬዲዮ ከጂዳ ማሰራጨት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ያኔ ንጉሥ አብዱልአዚዝ የሚኖሩት እዚሁ ሰፈራችን፣ ዛሬ ሙዚየም በሆነው የሙረባዕ ቤተ መንግሥት ነበር።

የዚያ ዘመን ሬዲዮ በቫልቭ የሚሠራ ከባድ ሳጥን ነው። ቫልቭ አምፖል የሚመስል ነገር ሆኖ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ፣ ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ትራንዚስተር ተሠራ፤ በ1954 ደግሞ የመጀመሪያው የትራንዚስተር ሬዲዮ ለገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ በጥቂት ባትሪ ድንጋይ እየሠራ መብራት የሌለበት ገጠር ድረስ ገባ።

ግን ድንጋይ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሰዉ ዘዴ አበጀ፤ ያለቀውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ይሄ ተረት አይደለም። ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ኬሚካል ስለሚያነቃቃው ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ቻርጅ ግን አያደርገውም። ሌላም ዘዴ ነበር። አንድ ድንጋይ አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት አለው፣ ሲደክም ይወርዳል። የደከሙትን በቁጥር ጨምሮ በተርታ ሲያያይዟቸው የጎደለው ቮልት ይሟላል። ይህን ያደረገው ገበሬ ኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት አልገባም፤ በእጁ ግን ያውቀዋል።

በየከተማው ያለው ሬዲዮ ሠሪም የሊድ ካውያውን ይዞ ከሞተው ሬዲዮ ነቅሎ ለታመመው ይተክላል። ሞባይል ሲመጣ ሙያው ወደ ሞባይል ጥገና ዞረ እንጂ አልጠፋም።

ታዲያ ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል? እ.ኤ.አ. በ2016 የሳዑዲ መንግሥት የሞባይል ሽያጭና ጥገና ሥራን ለዜጎቹ ብቻ አድርጎታል። ስለዚህ እዚህ የሰው ስልክ በክፍያ ለመጠገን አታስቡ። ለአገር ቤት ግን መማር ይቻላል። ኪሎ የሚቆጠረው ለሻንጣ ነው፣ ዕውቀት ኪሎ የለውም። ስንቶቻችን ነን ዓመታት ሠርተን ስንመለስ «ሙያሽ ምንድን ነው?» ስንባል ዝም የምንል?

ለጀማሪ ሦስት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የተጣለ ቢሆንም ከአሠሪ ቤት የወጣ ዕቃ ሳትጠይቁ አታንሱ። «ልውሰደው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቢቻል መልሱ በዋትስአፕ በጽሑፍ ይሁን። ኋላ የስርቆት ነገር ከተነሳ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ወደ አገር ከመላካችሁ በፊት ዕቃው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። ሳዑዲ ለቤት ሶኬት ለረጅም ዘመን 127 ቮልት ስትጠቀም ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው ወደ 230 ለመሸጋገር የወሰነችው። የእኛ አገር 220 ነው። አሮጌው ብሌንደር ላይ 110 ወይም 127 ብቻ ከተጻፈ አዲስ አበባ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ደክማችሁ የከፈላችሁበት ካርጎ በከንቱ ቀረ ማለት ነው። «100–240» የሚል ከሆነ ሁለቱም አገር ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ማይክሮዌቭ በፍጹም አትፍቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ውስጡ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ያበጠ የስልክ ባትሪም አትውጉ፣ አትጫኑ፤ እሳት ይነሳል።

የራሳችሁ የሆነ የሞተ ስልክ ያላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባችን ይዛችሁ ኑ። ባይነሳ እንኳ ከፍተን ስክሪኑ የት እንደሚያያዝ፣ ቻርጅ የሚገባው የት ጋ እንደሆነ እናያለን። የኛዎቹ ሬዲዮ ሠሪዎችም የተማሩት ከሞተው ነው።