ቅጠሉ ከሐበሻ ተራራ፣ ስሙ ከፓሪስ

አዲስ አበባን ለቆ ወደ ሰንዳፋ የሚያመራው መንገድ ካራን ሲደርስ፣ በስተግራ ከእንጦጦ ጋር የተያያዘው የየካ ተራራ ይታያል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ተራራው ባሕር ዛፍ ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ገደላገደሉን፣ የጅረቱን ዳርና የአብያተ ክርስቲያናቱን ቅጥር የሚመለከት ግን ከጽዱና ከወይራው ሥር አንድ ቁጥቋጦ አያጣም። ቅጠሎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ከአንድ ነጥብ ይወጣሉ። ለጋው ጫፍ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ቅጠሉን ሲያሹት ሙጫ ሙጫ ይሸታል። አማርኛ ተናጋሪው ቃሞ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ጣጤሣ ይለዋል። ፍሬው ከምስር ብዙም አይበልጥም፤ እረኛ ካልቀመሰው ወፍ ይለቅመዋል። እንጨቱ ደግሞ እንደ ሌላው ሁሉ ለማገዶ ይቆረጣል።

ቃሞ በመንደሩ ተራ ቁጥቋጦ ቢሆንም በሳይንሱ ዓለም ከ160 ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ተክል ነው። በላቲን ስሙ ላይ የጀርመን ቄስ፣ የፈረንሳይ ሊቅ፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች እጃቸውን አሳርፈዋል። ከእነዚህ ስም አውጪዎች የመጀመሪያዎቹ የሐበሻን ተራራ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማንጎ ዘመድ

ቃሞ የሚመደበው የዕፅዋት ሊቃውንት አናካርዲያሴ በሚሉት፣ በተለምዶ የሱማቅ ቤተሰብ በሚባለው ስብስብ ውስጥ ነው። ሱማቅ ዐረቦች ሥጋና ሰላጣ ላይ የሚነሰንሱት ጎምዛዛ ቀይ ቅመም ነው። ቤተሰቡ በዓለም ላይ ወደ 80 የሚጠጉ ወገኖችንና ከ800 በላይ ዝርያዎችን ያቅፋል። ገበያ የምንገዛው ማንጎ፣ የካሹና የፒስታሽዮ ለውዝ፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የነካውን ሰው ቆዳ የሚያሳብጠው መርዘኛ ሐረግ፣ በየመንገዳችን ዳር ለጥላ የተተከለው ቁንዶ በርበሬ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። የሚያዛምዳቸው የፍሬው መልክ ብቻ አይደለም፤ በግንዳቸውና በቅጠላቸው ውስጥ ያለው የሙጫ ቦይም ጭምር ነው። ማንጎ ሲቆረጥ ከእጀታው የሚፈሰው፣ ከንፈር የሚያቃጥለው ፈሳሽ የዚሁ ቤተሰብ ምልክት ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ለመለየት አስቸጋሪው እነ ቃሞ የሚገኙበት ወገን ነው። በአብዛኛው ወንዱና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ይበቅላሉ። አበባው ጥቃቅን ነው። ቅጠሉ በአንዱ ቅርንጫፍ ሞላላ፣ በሌላው ክብ፣ በአንዱ ተራራ ጠጉራም፣ በሌላው ልሙጥ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰብሳቢ ወንዱን ብቻ ከቆረጠ፣ ሌላው ደግሞ ከሩቅ ተራራ ሴቴውን ብቻ ካመጣ፣ አውሮፓ ውስጥ የተቀመጠው ሊቅ አንዱን ተክል ሁለት አድርጎ ለመመዝገብ ይገደዳል። የሆነውም ይኸው ነው።

የዓድዋው ጀርመናዊ

ታሪኩ የሚጀምረው በ1837 ወደ ኢትዮጵያ በገባው ጀርመናዊ በጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር የመጣው ኤስሊንገን በተባለች የጀርመን ከተማ የተቋቋመ አንድ ማኅበር ልኮት ነው። ማኅበሩን የመሠረቱት ቄስና መምህር የነበረው ክርስቲያን ፈርዲናንድ ሆክሽቴተርና ሐኪሙ ስቶይደል ናቸው። አሠራራቸው የንግድ ያህል ነበር፦ አባላት ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ሰብሳቢው ወደ ሩቅ አገር ይላካል፣ የደረቀው ተክል ሲመጣ ለአባላቱ እንደ ድርሻቸው ይከፋፈላል። ስለዚህ ሺምፐር ከአንድ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ አያበቃም፤ ለብዙ ከተሞች የሚዳረስ ብዙ ቅጂ መቁረጥ ነበረበት።

ሺምፐር ግን እንደ ሌሎቹ ተጓዦች ሰብስቦ አልተመለሰም። ትግራይን ቤቱ አደረገ፣ ኢትዮጵያዊት አገባ። የትግራይና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት። በ1855 ውቤ ደረስጌ ላይ በካሣ፣ ወዲያው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በነገሡት፣ ሲሸነፉ የሺምፐርም ሹመት አብሮ ወደቀ። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከያዟቸው አውሮፓውያን አንዱ ሆነ፤ የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመጣ በኋላ ተለቆ ወደ ዓድዋ ተመለሰ። በ1878 እዚያው ዓድዋ አረፈ። ስለ ትግራይ ዕፅዋት፣ ስለ አገርኛ ስማቸውና ጥቅማቸው በእጁ የጻፈው ማስታወሻ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ለመርዝነቱ የሚታወቀው ምረንዝም በሳይንስ ስሙ ውስጥ ሺምፐርን ይጠራል።

ሆክሽቴተር ኤስሊንገን ተቀምጦ የሚደርሱትን ናሙናዎች እየመረመረ ስም ይለጥፍ ነበር። ሦስት ቅጠሉን፣ የሚጣበቅ ጫፉንና ሙጫውን አይቶ ይህን ቁጥቋጦ «ሩስ ግሉቲኖሳ» አለው። «ሩስ» የሱማቅ ወገን ስም ነው፤ «ግሉቲኖሳ» የሚጣበቅ ማለት ነው። ዳሩ ግን በወረቀት ጠርዝ ላይ ስም መጻፍ ብቻውን በሳይንስ ሕግ ስም ማውጣት አይባልም። ስሙ ከሙሉ መግለጫ ጋር ታትሞ መውጣት አለበት።

ሁለት ሐኪሞችና አንድ መጽሐፍ

ማተሙ የደረሰው ለፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ነው። በዚያው ዘመን ቴዎፊል ለፌቭር የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን ወደ ኢትዮጵያ የመራው የጉዞ ቡድን ነበር። በቡድኑ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ፤ ሪሻር ካርቲን ዲሎንና አንትዋን ፔቲ። ሁለቱም ከሕክምናቸው ጎን ዕፅዋት ይሰበስቡ ነበር። ሁለቱም ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ካርቲን ዲሎን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ። ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው።

የሰበሰቡት ቅጠል ግን ፓሪስ ደረሰ። አሺል ሪሻር ይህንን ከሺምፐር ናሙናዎች ጋር አጣምሮ ከ1847 እስከ 1851 «ቴንታመን ፍሎሬ አቢሲኒኬ» የተባለውን የላቲን መጽሐፍ በሁለት ቅጽ አሳተመ። የኢትዮጵያን ዕፅዋት በሥርዓት ለመዘርዘር የተሞከረ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው። የመጽሐፉ ረጅም ርእስ የሁለቱን ሟቾች ስም ከነጉዟቸው ዓመታት ይጠቅሳል። ሪሻር በዕፅዋት ስም ውስጥም አኖራቸው፤ በየጓሯችን የምናውቀው እንዳሁላ አንዱ ዝርያው የፔቲን፣ ሌላው የካርቲንን ስም ይዟል።

ሩስ ግሉቲኖሳም በዚሁ መጽሐፍ ታተመ። ለዚህም ነው በሳይንስ መዝገብ ከተክሉ ስም ቀጥሎ የሁለት ሰዎች ስም ተያይዞ የሚጻፈው፤ አንደኛው ስሙን ያሰበው ሆክሽቴተር፣ ሁለተኛው ገልጾ ያሳተመው ሪሻር ነው።

በ1868፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት ዓመት፣ ለንደን ኪው በሚገኘው የዕፅዋት ተቋም ይሠራ የነበረው ዳንኤል ኦሊቨር የሐሩር አፍሪካን ዕፅዋት መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ አወጣ። እሱም ከእነ ሆክሽቴተርና ስቶይደል ጽሑፍ ተነሥቶ «ሩስ አቢሲኒካ» እና «ሩስ ሬቲኖሪያ» የተባሉ ሌሎች ሁለት ዝርያዎችን መዘገበ። የሱማቅ ዘመዶች ቁጥር እየጨመረ ሄደ። በ1883 ጀርመናዊው አዶልፍ ኤንግለር የዓለሙን ሱማቅ ሁሉ በአንድ ትልቅ ሥራ ሲዘረዝር የሐበሻውም ገባበት።

ይህ ሁሉ ሙግት የሚዳኘው በደረቀው ቅጠል ነው። ስም የወጣለት ናሙና ከጠፋ ቀጣዩ ትውልድ የሚያመሳክርበት ያጣል። መጋቢት 1943 በርሊን በቦምብ ስትመታ የዳሌሙ የዕፅዋት ማኅደር ተቃጥሎ እጅግ ብዙ ናሙና ዐመድ ሆነ። የሺምፐር ሥራ ከዚያ እሳት ሊተርፍ የቻለው፣ የኤስሊንገኑ ማኅበር ቅጂውን ለፓሪስ፣ ለለንደንና ለሌሎች ከተሞች በማከፋፈሉ ነበር።

ወደ አራት ኪሎ

ለመቶ ዓመት ያህል ስለ ኢትዮጵያ ተክል የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው አውሮፓ ሄዶ ነበር። ኩፎዶንቲስ የተባለው ሊቅ ከ1953 እስከ 1972 ድረስ ያሳተመው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ዝርዝርም የወጣው ብራሰልስ ነው። ነገሩ የተለወጠው በ1959 በአዲስ አበባ ብሔራዊው የዕፅዋት ማኅደር፣ ሄርባሪየሙ፣ ሲቋቋም ነው። አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ የሚገኘው ይህ ቤት በቁም ሣጥን የተሞላ ነው። የተቆረጠው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጠፍጥፎ ይደርቃል፤ በወፍራም ወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ በወረቀቱ ጥግ የሰብሳቢው ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከፍታውና የአገሬው ሰው የሚጠራበት ስም ይጻፋል። የአገሬውን ስም በመሰብሰብ ረገድ ወልደሚካኤል ቀለቻ ያዘጋጁት የዕፅዋት ስሞች መዝገብ ዛሬም የተመራማሪ ሁሉ መነሻ ነው።

በ1980 በአዲስ አበባና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር «የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት» የተባለው ሥራ ተጀመረ። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ኢንጋ ሄድበርግና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከመሪዎቹ ውስጥ ይጠቀሳሉ። ስምንቱ ቅጾች በ2009 ተጠናቀቁ። የሱማቅን ቤተሰብ ምዕራፍ በ1989 በወጣው ሦስተኛ ቅጽ ያቀረበው ማይክል ጊልበርት ነው። ጊልበርት ናሙናዎቹን አንድ ላይ ደርድሮ ሲመረምር በሩስ ግሉቲኖሳና በሩስ አቢሲኒካ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዝርያ የሚያሰኝ ሆኖ አላገኘውም። አቢሲኒካን የግሉቲኖሳ ንዑስ ዝርያ አድርጎ አወረደው። ከ120 ዓመት በኋላ ሁለቱ ወደ አንድ ቤት ገቡ።

ስሙ ግን አሁንም አላረፈም። አሜሪካዊው ፍሬድ ባርክሌይ ዕድሜውን ለሱማቅና ለቁንዶ በርበሬ ዘመዶች የሰጠ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከ«ሩስ» ለይቶ «ሲርሲያ» የሚል አዲስ ወገን አቋቋመ። ስሙን የሰጠው ለፖል ሲርስ ነው። ሲርስ በ1930ዎቹ የአሜሪካ ሜዳ ታርሶና ተራቁቶ አፈሩ በነፋስ ሲጠፋ የበረሃን መስፋፋት አስመልክቶ የጻፈ የሥነ ምኅዳር ሊቅ ነው። የባርክሌይን ሐሳብ ለብዙ ዓመታት የተከተለው ጥቂት ነበር። በ2007 ደቡብ አፍሪካዊው ሮድኒ ሞፌት የአፍሪካን ዝርያዎች ወደ ሲርሲያ ሲያዛውር የእኛም ቁጥቋጦ «ሲርሲያ ግሉቲኖሳ» ሆነ። ኬንያዊው ጆን ኮክዋሮ በ1980 ለፒስታሽዮ የቅርብ ዘመድ «ፒስታሲያ ኤቲዮፒካ» የሚል ስም ካወጣለት ወዲህ፣ ለአፍሪካ የሱማቅ ቤተሰብ ዕፅዋት አፍሪካውያን ሲፈርዱ ይህ ሌላው ጉልህ ምሳሌ ነው።

የተራቆተው ተራራ

የአፈር መራቆትን የተናገረ ሰው ስም የእንጦጦ ቁጥቋጦ መጠሪያ መሆኑ ለዚህ ተራራ አይከብደውም። ምኒልክ በ1880ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ሠራዊቱ ለቤትና ለማገዶ ደኑን ቆረጠ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም እንጨት እየጠፋ ሄዶ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር እስከመታሰብ ደርሶ ነበር። ከተማዋን ያዳነው በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ሥሩ ሌላ ቁጥቋጦ እንደ ልብ አያበቅልም፤ ውሃውንም ይሻማል። ቃሞና ጓደኞቹ የቀሩት መጥረቢያ በማይደርስበት ገደልና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው።

ዛሬ በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክና በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዕፅዋትን የመመለስ ሥራ ይካሄዳል። በየክረምቱም ብዙ ሰው ችግኝ ይዞ ወደ ተራራ ይወጣል። እዚህ ላይ ስም መለየት የሊቃውንት ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። «ቁንዶ በርበሬ» ብሎ ችግኝ የሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የጥላ ዛፍ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ቅመም ግን ከህንድ የመጣ፣ የሌላ ቤተሰብ ሐረግ ነው። ጽድ፣ ኮሶና ወይራ ስማቸው ስለሚታወቅ ይፈላሉ፣ ይተከላሉም። ስሙን ማንም የማይጠይቀው ቁጥቋጦ ግን ፍሬው አይለቀምም፣ ችግኙም አይፈላም፤ ቀስ እያለ ከተራራው ይጠፋል። አፈር የሚይዘውና ወፍ የሚመግበው ግን ትልቁ ዛፍ ብቻውን አይደለም።

ስለዚህ በካራ፣ በየካም ሆነ በእንጦጦ ችግኝ የሚያፈላ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ወይም ደብር አንድ ነገር ቢለምድ መልካም ነው። የሚያፈላውን ተክል ቅርንጫፍ ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ቆርጦ በጋዜጣ ያድርቀው፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚጠሩበትን ስም ይጻፍበት፤ አራት ኪሎ ወስዶ ያስለየው። ሺምፐር ከ180 ዓመት በፊት የሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ያኔ ናሙናው ባሕር መሻገር ነበረበት፣ አሁን ግን ከካራ አራት ኪሎ ድረስ የታክሲ መንገድ ነው።