ቅድመ ግዢ የቤት ምርመራ

አዲስ አበባ ውስጥ ገርጂ፣ ሰሚት ወይም ሲኤምሲ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርታ ነው። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣራል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ ውልና ማስረጃ ገብቶ ይፈርማል። ወረቀቱ ይህን ያህል ሲመረመር ቤቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ሳሎን መሐል ተቆሞ፣ ደላላው እያጣደፈ ይታያል።

በእንግሊዝኛ «ሆም ኢንስፔክሽን» የሚባለው ሥራ ለዚህ ነው የተፈጠረው። የአሜሪካ የቤት መርማሪዎች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በአማርኛ «የቤት ፍተሻ» ማዘዣ የያዘ ፖሊስን ስለሚያስታውስ «ቅድመ ግዢ የቤት ምርመራ» ይሻላል፦ ከሽያጩ ጥቅም የሌለው ባለሙያ ቤቱን ከመሠረት እስከ ጣሪያ አይቶ ያገኘውን ለገዢው በጽሑፍ የሚያቀርብበት ሥራ።

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ምርመራው ከመሬት ቢጀምር ይመረጣል። የአካባቢው ሰፊ ክፍል ያረፈው ግንበኞች «ብላክ ኮተን» በሚሉት ጥቁር አፈር ላይ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ አፈሩ በደንብ ተቆርጦ ካልወጣ ወይም መሠረቱ ጠንካራ መሬት ካልደረሰ ቤቱም አብሮት ይንቀሳቀሳል። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ ብዙ አያስጨንቅም። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ሰፊ ስንጥቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሩ አልገጥም ካለና ወለሉ ካጋደለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከሳሎኑ አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ለምን እሱ ብቻ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የቧንቧ መፍሰስ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የሚፈሰው ከሮቶው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የከተማው መስመር ለብቻው ይሞከራል። ቧንቧው ሁሉና የሮቶው መሙያ ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ የሆነ ቦታ የተደበቀ ፍሳሽ አለ። የኤሌክትሪኩ ጥሩ መፈተኛ ደግሞ የእንጀራ ምጣድ ነው፦ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ የሳሳ ሽቦንና ደካማ ብሬከርን ያጋልጣል።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ምርመራው በሩ ላይ አይቆምም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆኑ የሕንፃ ክፍሎች ጥገና የሁሉም ባለቤቶች ወጪ ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ ምድር ቤት የገዛውንም ኪስ ይነካል።

መርማሪ ግድግዳ አያፈርስም፣ አርማታ ውስጥ የገባውን ፌሮ አይቆጥርም፣ ካርታም አያጣራም። ቤቱን «አልፏል» ወይም «ወድቋል» አይልም፤ ጉድለቱን ዘርዝሮ የትኛው አጣዳፊ እንደሆነ ይናገራል። በዚያ ዝርዝር ዋጋ ማስቀነስ የገዢው ፋንታ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት ዋስ አይሆንም፤ በዓይን ለሚታይ ግልጽ ጉድለትም እንዲሁ። «አላየሁትም» ማለት ሁልጊዜ አያድንም።

ምርመራው ከቀብድ በፊት ቢሆን ይመረጣል። በዚሁ ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪ ውሉን ሲተው ገንዘቡን ያጣል፤ ተቀባዩ ሲተው እጥፉን ይመልሳል። ሻጩ ያለ ቀብድ ቤቱን አላስመረምርም ካለ፣ ከባድ የመሠረት ጉድለት ከተገኘ ገንዘቡ እንደሚመለስ ስምምነቱ ላይ ማጻፍ ይቻላል።