የእንግሊዝ ጣሪያ፣ የጣሊያን ቡሎን

ባለፈው ጥር ገንዳ ውሃ የሚኖረው አጎቴ ደወለልኝ። «ኢንጂነር፣ የላንድሮቨሩ ጣሪያ ዝጎብኛል። ወረድ በልና አንድ ነገር በለኝ።» ሥራዬ ሶፍትዌር እንደሆነ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ለሱ ግን ኢንጂነር ኢንጂነር ነው። መንገድ ላይ መልሱን አዘጋጀሁ፦ የተበላውን ቆርጦ መጣል፣ በቦታው የብረት ላሜራ መበየድ፣ ስቱኮ፣ ቀለም። አለቀ።

ጋራዡ ውስጥ ያገኘኋቸው አዛውንት ባቲላሜራ ሐሳቤን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ የጣሪያውን ጠርዝ በጣታቸው አሽተው አሳዩኝ። ቀይ ነገር የለም። እንደ ዱቄት ነጭ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ብረት ነው?»

አልነበረም። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር፣ ሮቨር ኩባንያ አብዛኛውን ቦዲ ከአልሙኒየም ቅይጥ ሠራው። ሻሲውና የፊት መስታወቱ ፍሬም ግን ብረት ናቸው። ለሞቃት አገር በተሠሩት ላይ ደግሞ ሁለተኛ ጣሪያ አለ፦ ከዋናው ጥቂት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ሽፋን፣ በመሃሉ አየር የሚያልፍበት። የላይኛው ፀሐይ ይቀበላል፣ የታችኛው ጥላ ሥር ይውላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ ይሄ ቅንጦት አይደለም። የአጎቴ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተመረተው ሲሪየስ 3 ነው፤ ጣሪያውም ድርብ ነው።

ቡሎኖቹ ናፍጣ ጠጥተው አደሩ። ጠዋት መፍታት ሲጀመር ጆሮዬ ሌላ ነገር ያዘ። ላሜራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ስቱኮ፦ እንግሊዝ የሠራት መኪና የምትፈታው በጣሊያንኛ ነው! የጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ሲይዝ የመጣው በካሚዮን ነበር። የጋራዡ ቋንቋ ከካሚዮኖቹ የበለጠ ዕድሜ አገኘ።

ሁለቱ መንግሥታት የተታኮሱትም ከዚሁ ጋራዥ ብዙም ሳይርቅ ነው። ወደ ድንበሩ ሲወርዱ መተማ ዮሐንስ አለ፣ ማዶው የሱዳኗ ገላባት። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ከወደቁበት ጦርነት ወዲህ ቦታውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የ1933ቱን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ጣሊያኖች ገላባትን ይዘው ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የህንድ ብርጌድ ምሽጉን አስለቀቀ፣ መተማን ግን መያዝ አቃተው። አብዛኞቹ የእንግሊዝ ታንኮች ድንጋዩና ፈንጂው ሰንሰለታቸውን አውልቆባቸው ቆሙ። ይሄ መሬት በቀላሉ ፈትተህ የማትጠግነውን ማሽን አይምርም።

ጣሪያው ግን ተፈታ። ግማሹ ቡሎን እሺ አለ፣ ግማሹ በግራይንደር ተቆረጠ። አራት ሆነን አንስተን ጥላ ሥር አስቀመጥነው። የመስታወቱ ፍሬም ላይ ትክክለኛው ቀይ ዝገት ነበር። እሱ ላይ ያረፈው የጣሪያ ጠርዝ ደግሞ እንደ ወንፊት ተበስቷል። መሃሉ ደህና ነው። የተበላው ሁለቱ ብረቶች የተገናኙበት ብቻ ነው።

ምክንያቱን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ አላስታወስኩትም እንጂ። ብረትና አልሙኒየም ተነካክተው መሃላቸው እርጥበት ከገባ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፣ የሚበላውም አልሙኒየሙ ነው። የበጋው አቧራ ስፌቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ የክረምቱ ዝናብ ያርሰዋል፣ አቧራው ውሃውን ይዞ ያቆየዋል። ኮድ ስጽፍም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች ለየብቻ ሲፈተሹ ጤነኛ ናቸው፣ ስህተቱ መገናኛቸው ላይ ይደበቃል። የእኔ ዕቅድ በሽታውን ማባዛት ነበር። ደግሞስ ብረትን ከአልሙኒየም በየትኛው ብየዳ?

ሽማግሌው የፍሬሙን የዛገ ክፍል ቆርጠው ብረትን በብረት በየዱ፣ አንቲረስት ቀቡት። የጣሪያውን ጠርዝ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ ከሞተ ላንድሮቨር በር ላይ በተቆረጠ አልሙኒየም ጠገኑት፤ በሪቬት እንጂ በብየዳ አይደለም። በመጨረሻ አሮጌ ካላማዳሪያ በቀጭኑ ሸንሽነው በፍሬሙና በጣሪያው መሃል ዘረጉ። (ካላማዳሪያም ጣሊያንኛ ነው።)

ጣሪያውን መልሰን ስናስቀምጥ እኔ «ቡሎኖቹን እስከ መጨረሻው እናጥብቃቸው?» አልኩ።

«ለምን? ነገ የሚፈታው ሰው ምን በደለህ?»

አጎቴ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠየቃቸው።

«ካላማዳሪያው እስኪያልቅ» አሉ። «ያኔ ፍታው፣ ሌላ አድርግበት።»