ከአዳራሽ ወደ ግቢ ጉባኤ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን «ሰንበት ትምህርት ቤት» የሚባለው፣ ወጣቶች በአጥቢያቸው ተሰባስበው ሃይማኖትን፣ ሥርዓትንና መዝሙርን የሚማሩበት ጉባኤ ነው። የአብነት ትምህርት ቤቱ ተማሪውን ከንባብ አንሥቶ በዜማ፣ በቅኔና በትርጓሜ ለዓመታት ሲያበስለው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ግን የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪውን ዕረፍት በሚያገኝበት ሰዓት በአማርኛ ለማስተማር የተነሣ በመሆኑ፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥራዎች ሁሉ ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል።

ፈተናው የመጣው በደርግ ዘመን ነው። ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ በሚነገርበት፣ የቀበሌ ስብሰባም ከቅዳሴ ጋር በሚጋጭበት በዚያ ጊዜ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበሮ ይዘው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚሰበሰቡት ወጣቶች የቀን ፖለቲካቸውን ከማታ ጸሎታቸው ጋር ማስታረቅ ነበረባቸው። በ1982 ዓ.ም. ያረፉት የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ወጣቶችን እየሰበሰቡ ማሠልጠናቸው፣ ተተኪ መምህራን እንዲወጡ መንገድ ከፍቷል።

በ1983 ዓ.ም. ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ የተላኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በሠፈሩ ውስጥ ለጸሎት መሰባሰባቸው፣ በ1984 ዓ.ም. ለተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን አንድ መነሻ ሆነ፤ ማኅበሩም «ግቢ ጉባኤ» በሚባለው፣ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ከመደበኛ ትምህርታቸው ጎን ለጎን ሃይማኖታቸውን በሚማሩበት መርሐ ግብር፣ የአዳራሹን ልማድ ወደ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ አሸጋገረው።